የተሳቢ መኪና ኩሽኔታ በሞያሌ መንገድ

በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቀመጠችው ሞያሌ በአንድ ስም እየተጠራች በሁለት መንግሥታት ግዛት የምትኖር ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ የሚያልፈው መንገድ 770 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ከሰሜን በኩል ይገባባታል፤ ከኢሲዮሎ ተነሥቶ ማርሳቢትንና ቱርቢን አልፎ የሚመጣው መንገድ ደግሞ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ከደቡብ በኩል ይደርስባታል። ከዚህ ወሰን ላይ ለቆመ እንግዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስገርመው ነገር መኪናዎቹ ጎን መለዋወጣቸው ነው። በኢትዮጵያ በኩል በቀኝ ሲነዳ የመጣው ሹፌር በኬንያ በኩል በግራ ይይዛል፤ ከኬንያ የመጣውም እንዲሁ ወደ ቀኝ ይሻገራል። ኢትዮጵያም ራስዋ እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ በግራ ትነዳ ነበርና ይህ ልዩነት በሞያሌ ላይ የተተከለው ከዚያ ወዲህ ነው።

ሹፌሩ ወደ ግራም ቢይዝ ወደ ቀኝ ግን በተሳቢው ጎማ ውስጥ ተሰውሮ ሸክሙን ሁሉ የሚችለው ብረት አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህም ብረት ጥቂት እንነጋገር ዘንድ ወደድን። ምክንያቱም ጎማ ሲፈነዳ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ፍሬን ሲደክም ሹፌሩ በእግሩ ያውቀዋል፤ ይህ ብረት ግን ዝም ብሎ ሲጎዳ ሰንብቶ የሚናገረው ብዙ ጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው።

በኢትዮጵያ ጋራዦች የዚህ ብረት ስሙ ኩሽኔታ ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን በዚያ ቋንቋ ትንሽ ትራስ ማለት ነው። ለሸክም የሚሆን ትራስ ማለት እንደ ሆነ ያስተዋለ ሰው ስሙ ከግብሩ ጋር እንደሚስማማ ይረዳል። ከዚሁ ቋንቋ የወረስናቸው የመኪና ቃላት ብዙዎች ናቸው፤ ባሌስትራ፣ ቸርኬ፣ ታምቡር፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ሮንዴላ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ፣ ጎሚስታ እያልን የምንጠራቸው ሁሉ ከዚያ የተገኙ ናቸው። የጎማው እምብርት ደግሞ ሞዞ ይባላል። ወሰኑን ተሻግረው አንድ መቶ እርምጃ ቢሄዱ ግን ኩሽኔታው ቤሪንግ፣ ሞዞው ሀብ፣ መካኒኩም ፉንዲ ሆኖ ይገኛል። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት የጋራዥን ቃላት እንደ ባዕድ ቢቈጥሯቸውም ለእኛ እንደሚመስለን በእጅ የተሠራበትና በላብ የታሸ ቃል የአገሩ ሰው ሆኗል። በወሰን ላይ የተመደበ ሹም ወይም ጸሐፊ እነዚህን ቃላት ቢያውቅ ከንግግር አልፎ ለሥራው ይጠቅመዋል። «መኪናው ተበላሸ» ብሎ የጻፈ ሰው ምንም አልጻፈም፤ «የተሳቢው የኋላ ግራ ኩሽኔታ ነዶ ሞዞውን አበላሽቷል» ብሎ የጻፈ ግን ለጋራዡም፣ ለኢንሹራንሱም፣ ለባለ ንብረቱም የሚበቃ ነገር ጻፈ።

አሁን ወደ ብረቱ ጠባይ እንመለስ። ጎማው የሚዞረው በማይዞረው የአክስል ጫፍ ላይ ነው። የሚዞር ብረት በማይዞር ብረት ላይ በቀጥታ ቢፋተግ ሁለቱም በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ይነድዱ ነበር። ይህ እንዳይሆን በመካከላቸው ሁለት ቀለበቶች ይገባሉ፤ አንዱ በአክስሉ ጫፍ ላይ፣ ሁለተኛው በሞዞው ሆድ ውስጥ ይቀመጣል፤ በሁለቱ ቀለበቶች መካከል ትንንሽ ተንከባላይ ብረቶች በማቀፊያ ተሰድረው ይዞራሉ። በተሳቢ ላይ የሚሠራባቸው ተንከባላዮች በአብዛኛው ሾጣጣ ናቸው፤ በአንድ ወገን ወፈር፣ በሌላው ቀጠን ያሉ ናቸው። በእያንዳንዱ ሞዞ ውስጥ አንድ ትልቅ ኩሽኔታ ከውስጥ፣ አንድ ትንሽ ከውጭ በኩል ፊት ለፊት ተያይተው ይገባሉ።

ሾጣጣ የሆኑበት ምክንያት ሊታወቅ የሚገባው ነው። በአሜሪካ በሴንት ሉዊስ ከተማ የፈረስ ሠረገላ ይሠራ የነበረው ሄንሪ ቲምከን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1898 ሾጣጣ ኩሽኔታውን በመንግሥት መዝገብ አስጻፈ። ከባድ ጭነት የያዘ ሠረገላ በመታጠፊያ ላይ ጎማውን ወደ ጎን እንደሚገፋ፣ ቀጥ ያለ ተንከባላይም ይህን የጎን ግፊት እንደማይችል ተመልክቶ ነበር። ሾጣጣው ተንከባላይ ከላይ የሚመጣውንም ሸክም፣ ከጎን የሚመጣውንም ግፊት አብሮ ይችላል። ይህ የሠረገላ ሠሪ ሐሳብ ለሞያሌ መንገድ የተሰፋ ይመስላል፤ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ የሚጓዘው ጭነት ብዙ ጊዜ የቀንድ ከብት ነውና። ስሚንቶ ከተጫነበት አይነቃነቅም፤ በሬ ግን በመታጠፊያ ላይ ሁሉም ባንድ ወገን ይዘነበላል። በከብቱ ላይ ከተዘረጋው እንጨት ደግሞ ሰው ይሳፈራል።

አንድ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ከ300 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ባለው መንገድ ከ150,000 ጊዜ በላይ ዞረ ማለት ነው። ትንሽ ጎማ ያለው ተሳቢ ቁመቱ በግማሽ ካነሰ ዙሩ በእጥፍ ይጨምራል፤ ስለዚህ ትንሽ ተሳቢ ትንሽ ጥንቃቄ ይበቃዋል የሚለው አስተሳሰብ ስሕተት ነው።

የኢሲዮሎና የሞያሌ መንገድ አስፋልት ለብሶ የተጠናቀቀው በ2009 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ከማርሳቢት በስተ ሰሜን ያለው የዲዳ ገልገሉ ሜዳ ጥቁር ድንጋይና እንደ ቆርቆሮ የተሸበሸበ መንገድ ስለ ነበረ መኪናው ሌሊትና ቀን እየተንቀጠቀጠ ይሄድ ነበር። በዚያን ዘመን ኩሽኔታን የሚገድለው ምት ነበር፤ ተንከባላዩ የቀለበቱን ፊት እየደበደበ ጎድጎድ ያደርገዋል፤ በዚያም ላይ አቧራው በቅባቱ ውስጥ ገብቶ እንደ ሞረድ ይፍቀዋል። አስፋልቱ ከመጣ ወዲህ ብዙ ሰው ኩሽኔታ ዕረፍት አገኘ ብሎ ያስባል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። ቀድሞ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የነበረው ተሳቢ ዛሬ 80 ይሄዳል፤ ጭነቱም ጨምሯል፤ ፍጥነትና ክብደት ሲገናኙ የሚወልዱት ሙቀት ነው። ቀድሞ የሚሰበረው ብረት ዛሬ ይነድዳል።

ኩሽኔታ ሲነድ የሚሆነው ይህ ነው። ቅባቱ ቀጥኖ ይፈስሳል፤ ብረቱ በብረት ላይ ይፋተጋል፤ ተንከባላዮቹ ይሰማያሉ፤ ማቀፊያው ይበታተናል፤ ከዚያ በኋላ ወይ ጎማው በእሳት ይያያዛል፣ ወይም የአክስሉ ጫፍ ተቈርጦ ጎማው ከነሞዞው ይወጣል። የአንድ ከባድ መኪና ጎማ ከነቸርኬው 100 ኪሎ ያህል ይመዝናል። ይህ ክብደት በመኪናው ፍጥነት እየተንከባለለ ከመንገድ ዳር ውሃ ተሸክማ በምትሄድ ሴት ወይም ከትምህርት ቤት በሚመለስ ሕፃን ላይ ሲደርስ ሹፌሩ ከፊት ሆኖ ያላየው ነገር ሊሆን ይችላል፤ ተሳቢው ከኋላው ነውና።

ጉዳቱ ሳይደርስ የሚታዩ ምልክቶች አሉ። በሚያርፉበት ስፍራ ሁሉ ሹፌሩ ወይም ረዳቱ በየጎማው ዙሪያ ሊሄድ፣ የእጁንም ጀርባ ወደ ሞዞው ሊያቀርብ ይገባል። መዳፍን መለጠፍ ግን አይገባም፤ የጋለ ብረት ቆዳ ይዞ ይቀራል። ሙቀት በርቀት የሚለካ ትንሽ መሣሪያ ያለው እርሱን ቢጠቀም ይሻላል። የሚፈለገው ንጽጽር ነው፤ ሁሉም ሞዞዎች እኩል ሞቀው አንዱ ብቻ ከሌሎቹ አብልጦ ቢግል ነገር አለ። ታምቡሩ ግሎ ሞዞው ቀዝቀዝ ካለ ምናልባት የያዘው ፍሬኑ ነው፤ ሞዞው ራሱ ከግለ ግን ኩሽኔታውን መጠርጠር ይገባል። በቸርኬው ውስጠኛ ፊት ላይ የተረጨ ቅባት ማየት፣ የተቃጠለ ቅባት መሽተት፣ በዝግታ ሲነዱ የሚሰማ የመፍጨት ድምፅ፣ እነዚህም ሁሉ ምስክሮች ናቸው። ደኅና ረዳት «ጋሼ፣ የኋላው ግራ ከሌሎቹ ይልቅ ሞቋል» ብሎ ሲናገር ደኅና ሹፌር «እስከ ከተማ ይደርሳል» ብሎ አይመልስለትም።

በወሰኑ ላይ ይህን ለማድረግ ጊዜ አይጠፋም። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና በዚያን ጊዜ የኬንያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኡሁሩ ኬንያታ በሞያሌ ሁለቱ አገሮች በአንድ ስፍራ የሚሠሩበትን የድንበር ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። ወረቀቱ እስኪታይ ድረስ ተሰልፎ የሚቆም መኪና ከረጅም መንገድ የመጣ ነውና ሞዞው ገና ትኩስ ነው፤ ለመመርመር ከዚህ የተሻለ ሰዓት አይገኝም።

ሥራው ከመንገድ ወጥቶ በጋራዥ ሲደረግ እንዲህ ነው። ተሳቢው በደልዳላ መሬት ላይ ቆሞ የማይነሡት ጎማዎች በጉማጅ ወይም በድንጋይ ከፊትና ከኋላ ይታገዳሉ። በክሪክ ከተነሣ በኋላ አክስሉ ጠንካራ በሆነ መቆሚያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ በተያዘ ተሳቢ ሥር መግባት ነፍስን በአንድ ዘይት ማገጃ ላይ ማንጠልጠል ነው። ጎማው ገና ሳይወልቅ ከላይና ከታች ይዘው ቢወዘውዙት መላላቱ ይታወቃል፤ በእጅ ቢያዞሩትም ሻካራነቱ ይሰማል። ከዚያም ጎማው ይወጣል፤ የአቧራው ክዳን ይነሣል፤ ዳዶውን እንዳይፈታ የያዘው ኮፒሊያ ተቃንቶ ይሳባል፤ ዳዶው ይፈታል፤ ሮንዴላው ይነሣል። ሞዞውን ትንሽ ወደ ራስ ሲስቡት የውጭው ኩሽኔታ ብቅ ይላልና በመሬት ላይ ሳይወድቅ በእጅ መቀበል ያስፈልጋል። በሞያሌ አሸዋ ላይ የወደቀ ኩሽኔታ እንደ ገና ካልታጠበ አይመለስም።

ሞዞው ከወጣ በኋላ ከጀርባው ያለው የቅባት ማገጃ ይነቀላል፤ እርሱ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ዳግመኛ አይገባም፤ በአዲስ ይተካል። ዋጋው ከሁሉ ያነሰ፣ ሥራው ግን ከሁሉ የማያንስ ዕቃ እርሱ ነው፤ ቅባቱን ከውስጥ፣ አቧራውንና ውሃውን ከውጭ ይጠብቃልና። የቀኙ ኩሽኔታ ከግራው፣ የውስጡም ከውጭው ጋር እንዳይቀላቀል በየመጣበት ሥርዐት በንጹሕ ጨርቅ ላይ ይደረደራል።

ማጠቢያው ነጭ ጋዝ ወይም ናፍታ ነው፤ ቤንዚን ግን ለዚህ ሥራ አይገባም፤ እሳት ለመጥራት ከእርሱ የሚፈጥን የለም። ከታጠበ በኋላ በጨርቅ ተጠርጎ ይደርቃል። አንዳንድ ወጣት ሠራተኞች በነፋስ ማሽን እየነፉ ኩሽኔታውን እንደ ሹሪት ሲያሽከረክሩት ደስ ይላቸዋል፤ ድምፁም እንደ ፉጨት ያምራል። ነገር ግን ቅባት የሌለበት ብረት በዚያ ፍጥነት ሲዞር ይጎዳል፤ ማቀፊያው ቢሰበር ደግሞ ተንከባላዮቹ እንደ ጥይት ይወረወራሉ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው የዐይን ሥራ ነው። ተንከባላዮቹንና ሁለቱን ቀለበቶች በፀሐይ ብርሃን እያዞሩ መመልከት ይገባል። ደኅና ኩሽኔታ ፊቱ እንደ መስተዋት ለስላሳ ነው። ጠቃጠቆ ካለበት፣ ከላዩ የተላጠ ካለ፣ በተንከባላዮቹ ልክ ጎድጎድ ጎድጎድ ያለ ምልክት ካለበት፣ ሰማያዊ ወይም ወርቅማ የሙቀት ቀለም ካወጣ፣ ዝገትም ከጀመረው አይመለስም። ሲለወጥ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከነተንከባላዮቹና የውጭው ቀለበት አብረው ይለወጣሉ፤ አዲስን ከአሮጌ ማጋባት አዲሱን ፈጥኖ ማስረጀት ነው። በሞዞው ውስጥ ተጨንቆ የገባው የውጭ ቀለበት ለስላሳ በሆነ የነሐስ ዘንግ ከዙሪያው እኩል እየተመታ ይወጣል፤ አዲሱም እንደዚያው ቀስ ተብሎ እስከ መጨረሻው ይገባል። የአክስሉ ጫፍ ተቦርቡሮ ወይም ሰማይቶ ከተገኘ ግን ኩሽኔታ ብቻ መለወጥ ገንዘብን ማባከን ነው።

ስለ ቅባት ብዙ ክርክር ይሰማል። በቀድሞ ዘመን የታወቀው በካልሲየም የተሠራው ተራ ቅባት በ100 ዲግሪ ገደማ ይቀልጣል፤ በሊቲየም የተሠራው እስከ 180 ዲግሪ ገደማ ይታገሣል፤ ሊቲየም ኮምፕሌክስ የሚባለው ከዚያም ያልፋል። ለቆላ መንገድና ለከባድ ጭነት የሚሻለው ይህ የመጨረሻው ነው። ቀለማቸው ቢመሳሰልም ሁለት ዓይነት ቅባት አይቀላቀልም፤ አንዳንዶቹ ሲገናኙ ቀጥነው እንደ ዘይት ይፈስሳሉ። የአሮጌው ቅባት ዓይነት ካልታወቀ ፈጽሞ አጥቦ በአዲስ መጀመር ነው።

ቅባቱን የሚያስገባው እጅ ነው። በግራ መዳፍ ላይ አንድ ጉርሻ የሚያህል ቅባት ያዙ፤ ኩሽኔታውን በወፍራሙ አፍ በኩል ወደ መዳፉ እየጫናችሁ ሳቡት፤ ቅባቱ በቀጭኑ አፍ በኩል በተንከባላዮቹ መካከል እንደ ትል ብቅ ብቅ እስኪል ድረስ ጫኑ፤ ከዚያም ጥቂት እያዞራችሁ ዙሪያውን ጨርሱት። ከላይ የተቀባ ብቻ የጠገበ ይመስላል እንጂ ሆዱ ባዶ ነው። የሞዞው ሆድ ግን እስከ አፉ አይሞላም፤ ከሲሶው እስከ ግማሹ ከሆነ ይበቃል። የተረፈ ቅባት እየተናጠ ራሱ ሙቀት ያመጣል፤ መውጫ ሲያጣም ማገጃውን ገፍቶ ወደ ፍሬኑ ይፈስሳል። ቅባት የነካው ፍሬን መኪና አያቆምም።

ሁሉም በየቦታው ከተመለሰ በኋላ ልምድን የሚፈትነው ዳዶው ነው። በሠፈር ውስጥ የተለመደው እምነት ዳዶ በጠበቀ መጠን ጎማው ይጸናል የሚል ነው፤ ለኩሽኔታ ግን እንዲህ አይደለም። ሞዞውን በአንድ እጅ እያዞሩ ዳዶውን በቁልፍ ጠበቅ ያደርጉታል፤ ይህ ተንከባላዮቹ በቀለበቱ ላይ በሚገባ እንዲቀመጡ ነው። ቀጥሎ ዳዶው ይላላል፤ ከዚያ በጣት ብቻ እስኪነካ ድረስ ይመለሳል፤ የኮፒሊያው ቀዳዳ ካልገጠመ ወደ መላላት በኩል ወዳለው ቅርብ ቀዳዳ ይወሰዳል እንጂ አይጠበቅም። ይህ ለትንንሽ ተሳቢዎች ነው። በከባድ ተሳቢ ላይ ፋብሪካው የወሰነው መጥበቂያ መጠን አለ፤ የሚፈቀደው ልቅነትም በመለኪያ ሲታይ ከ0.025 እስከ 0.125 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ከአንድ የራስ ጠጉር ውፍረት ብዙ የማይርቅ ነው። ሰው በእጁ ወዝውዞ የሚሰማው ልቅነት ከዚህ ይበልጣልና ለከባድ መኪና «በእጄ አውቀዋለሁ» የሚለው መካኒክ፣ ምንም ያህል የታወቀ ቢሆን፣ መለኪያ ቢይዝ አይዋረድም። ኮፒሊያውም ሁልጊዜ አዲስ ይሁን፤ ምስማር አጥፎ በስፍራው መክተት በየመንገዱ ይታያል፤ ምስማር ለኮፒሊያ ሥራ አልተፈጠረም። ፋብሪካ አሽጎ የላካቸውንና በዘይት ውስጥ የሚዞሩትን አዳዲስ ሞዞዎች ግን በዚህ አኳኋን መክፈት አይገባም።

በሰሜን ኬንያ ልዩ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ነገር ላጋ ነው። ይህ ስም በወሰኑ ግራና ቀኝ የሚኖሩት ቦረናዎች ከሚናገሩት ቋንቋ የመጣ ሲሆን በበጋ የሚደርቀው፣ በዝናም ጊዜ ድንገት የሚሞላው የወንዝ ጐድጓድ ይጠራበታል። ከረጅም ጉዞ በኋላ የጋለ ሞዞ ወደ ላጋው ውሃ ሲገባ በሆዱ ያለው አየር በአንድ ጊዜ ይቀዘቅዛል፤ ሲቀዘቅዝም ይኰማተራል፤ በፈንታውም በማገጃው በኩል ጭቃ ውሃ ይጠጣል። በማግሥቱ መኪናው እንደ ልማዱ ይሄዳል፤ ዝገቱ ግን ሥራውን ጀምሯል። ስለዚህ ከውሃው በፊት ጥቂት ቆሞ ማቀዝቀዝ ይጠቅማል፤ ሞዞው በውሃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ የዓመቱን ቀጠሮ ሳይጠብቁ መክፈት ያስፈልጋል። ሳይነከር እንኳ ቀላል ተሳቢ በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በየ20,000 ኪሎ ሜትሩ ሊከፈት ይገባል፤ አቧራ በበዛበት አገር ከዚህም ቀደም ብሎ።

ይህ ሁሉ የሹፌሮችና የባለመኪናዎች ጉዳይ ብቻ መስሎ የሚታያቸው የቤት እመቤቶች ይኖሩ ይሆናል። ነገር ግን በሞያሌ ከጉድጓድ ወይም ከቦቴ ውሃ የሚያመላልሰው የአህያ ጋሪ ሁለት የመኪና ጎማ፣ በየጎማውም ኩሽኔታ ያለበት ነው። ሃያ ሊትር የሚይዙ አሥር ጄሪካኖች የጫነ ጋሪ 200 ኪሎ ውሃ ተሸክሟል። የጋሪው ጎማ እየተንገዋለለ ቢጮህ ልጆች ይሥቃሉ፤ አህያዋ ግን ጭነቱ እጥፍ ሆኖባት አንገቷን ደፍታ ትጎትታለች፤ ትከሻዋም ይቈስላል። ጎማውን ከመሬት አንሥቶ በእጅ ማዞር፣ ከጮኸ ወይም ከከበደ ፈትቶ ማጠብና ቅባት ማጉረስ የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው።

ቅባት የነካው ልብስ ወደ ቤት ሲመለስ በቤንዚን ማጠብ በብዙ ቤት የተለመደ ሲሆን ምድጃ በሚነድበት ግቢ ግን ከቶ ሊደረግ አይገባም። ቅባቱ በቢላዋ ጀርባ ይፋቃል፤ በደረቁ ሳሙና ይታሻል፤ ጥቂት ከቆየ በኋላ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፤ ካልለቀቀም ይደገማል። ከሌላው ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይዘፍዘፍ። ባዶው የቅባት ቆርቆሮ ምንም ያህል ቢታጠብ ለመጠጥ ውሃ አይሆንም፤ ክዳኑ ደኅና ከሆነ ለሹፌሩ ኮፒሊያና ሮንዴላ ማስቀመጫ ይሁን፤ እርሱም ከጋራዥ ወጥቶ 50 ወይም 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ቆሞ የጎማውን ብሎኖች አንዱን ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር እያፈራረቀ እንደ ገና ሲያጠብቅ የሚፈልገውን በቅርቡ ያገኛል።